አዲስ የከተማ ማለፊያ መንገድ ሲከፈት የካርታ መረጃን እንዴት እናድሳለን?

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ዋና መንገድ ከተሞቹን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ተሳቢው፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና ወደ ገበያ የሚነዳው ከብት በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ዳር ማለፊያ መንገድ (ባይፓስ) ተሠርቶ ሲከፈት ካርታው ሳይታደስ ከቆየ፣ ስልኩን አምኖ የሚነዳ እንግዳ ሹፌር ሁለት ዓይነት ስህተት ያጋጥመዋል። ወይ ከባድ መኪናውን ይዞ መሀል ገበያ ይገባል፤ ወይ ደግሞ አዲሱ መስመር ተስሎ በትክክል ሳይያያዝ ቀርቶ ወደ መናኸሪያ መታጠፍ ሲገባው ከተማውን አልፎ ይሄዳል።

አዲሱን መስመር መሳል የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ብዙ ድካም የሚጠይቀው አዲሱ መንገድ ከአሮጌው፣ ከገጠር መንገዱ፣ ከእግር መንገዱና ከወንዙ ጋር የሚገናኝበትን እያንዳንዱን ቦታ በትክክል ማሰር፣ ከዚያም በከተማው ውስጥ የቀረውን አሮጌ መንገድ ያለበትን ሁኔታ መመዝገብ ነው። የዚህ መመሪያ አብዛኛው ክፍልም ስለዚያ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ኦፕንስትሪትማፕ ለሚባለው ክፍት የዓለም ካርታ ነው። ማንም ሰው ተመዝግቦ ሊያርመው ይችላል፤ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድን የመሳሰሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መተግበሪያዎችም መረጃቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። የመረጃ መለያዎቹ (ታጎቹ) በዳታቤዙ ውስጥ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው፤ እዚህ የምንጽፈው አነባበባቸውን ነው። አይዲ በሚባለው በብሮውዘር በሚሠራው ማረሚያ ውስጥ ብዙዎቹን ከዝርዝር መምረጥ ስለሚቻል የፊደል ስህተት እምብዛም አያሰጋም።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ተከፍቷል?

ሪባን መቆረጡ ወይም በዜና መነገሩ ለካርታ በቂ ማስረጃ አይደለም። በተቃራኒው ሳይመረቅ ወራት የሚያገለግል መንገድ አለ። መለኪያው አንድ ነው፦ ማንኛውም ተሽከርካሪ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በሁለቱም አቅጣጫ፣ በርሜል ወይም የአፈር ክምር ሳያግደው ማለፍ ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ ክፍት ነው። ሹፌሮች በርሜሉን ገፍተው የሚያልፉበት ከሆነ ገና ግንባታ ላይ ነው።

ግንባታ ላይ ያለ መንገድ «ሃይዌይ=ኮንስትራክሽን» ተብሎ፣ ሲያልቅ የሚኖረው ደረጃ ደግሞ «ኮንስትራክሽን=ትራንክ» (ትራንክ ዋና ግንድ መንገድ ማለት ነው) ተብሎ ይመዘገባል። መንገድ ፈላጊ ሶፍትዌሮች እንዲህ የተመዘገበን መስመር አይጠቀሙበትም። ለምሳሌ ከሰባት ኪሎ ሜትር ማለፊያ አራቱ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ መስመሩን ክፍቱ ክፍል በሚያልቅበት ቦታ ቁረጡና የተከፈተውን ብቻ ቀይሩ። ሙሉውን ክፍት ማድረግ ሹፌሩን ከአፈር ክምር ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ ተሳቢ ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ መዞር አይችልም።

ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን ከፍታችሁ ቀድሞ የተሳለ የግንባታ መስመር መኖሩን ተመልከቱ። ካለ አታጥፉት፤ ቅርጹን አስተካክላችሁ መለያውን ቀይሩ። ቢጠፋ የመስመሩ የእርማት ታሪክ ይቋረጣል፤ ከኋላ የሚመጣ አራሚም ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደሳለው ማወቅ ይቸግረዋል።

የመስክ ሥራ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ስልኩን ከፊት መስታወት ሥር የሚይዝ ማቆሚያ፣ ፓወር ባንክ፣ ማስታወሻ ደብተርና ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው። ለመቅጃ ኦስማንድ ወይም ኦኤስኤምትራከር ይሆናል። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን መቅዳትና ሲገኝ መጫን ይቻላል።

ከመነሳት በፊት ሦስት ነገር አስተካክሉ። የመቅጃው ልዩነት 1 ሰከንድ ይሁን። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ለመቅጃው መተግበሪያ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ስክሪኑ ሲጨልም ቀረጻው ይቆምና መሀል ላይ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ታገኛላችሁ። ሦስተኛ፣ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ትክክለኝነቱ ከ5 ሜትር በታች እስኪያሳይ ጠብቁ። መኪና ውስጥ እየሄዱ የሚጀመር ቀረጻ የመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮቹ አይታመኑም፤ ዋናው መገንጠያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው መጀመሪያ ላይ ነው።

ቀረጻውን ከመገንጠያው 500 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በአሮጌው መንገድ ላይ ጀምሩ፤ ከማለፊያው መውጫ 500 ሜትር አልፋችሁ አቁሙ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ነጥቦቹ በ11 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በ80 ከነዳችሁ በ22 ሜትር። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ልዩነት አያመጣም፤ ኩርባና አደባባይ ላይ ግን ቅርጹን ያበላሻል። ሄዳችሁ ተመለሱ። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ የሁለቱን አቅጣጫ ቀረጻዎች መሀል ስትወስዱ ለመንገዱ አካል ትቀርባላችሁ። ከዚያ አደባባዩን ወይም መገንጠያውን ብቻ ለብቻው በሚፈቀደው አቅጣጫ ሁሉ ዞራችሁ ቅረጹ።

ከሹፌሩ ጎን ያለው ሰው የሚመዘግበው ይህን ነው፦ መንገዱ በአካፋይ የተለየ መሆኑን፣ በየአቅጣጫው ስንት መስመር እንዳለ፣ የአስፋልቱ ንብርብር ማለቁን፣ የፍጥነት ገደብ ምልክት የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ፣ ድልድዮችን፣ የገጠር መንገዱ የሚያቋርጥበትን ቦታ ሁሉ፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የመንገድ መብራት። ለእያንዳንዱ መተግበሪያው ላይ ነጥብ አስቀምጦ አጭር ድምፅ መቅዳት ከመጻፍ ይፈጥናል። ሹፌሩ ስልኩን አይንካ።

ኬላ፣ ካምፕና የጸጥታ ኃይል ያለበት ቦታ ላይ ፎቶ አታንሱ፤ እንዲህ ያለ ነገር በካርታውም ላይ አይቀመጥ። ድልድይ ፎቶ ከማንሳት በፊት በአካባቢው ያለውን ኃላፊ ጠይቁ። መንገዱ አስጊ በሆነበት ሰሞን የመስክ ሥራው ይቆይ። አንድ መስመር ዘግይቶ ቢገባ የሰው ሕይወት አያስከፍልም።

የሳተላይት ምስልና ሌሎች ምንጮች

በማረሚያው ውስጥ የሚገኙት የቢንግና የኤስሪ ምስሎች ለኦፕንስትሪትማፕ ሥራ የተፈቀዱ ናቸው። ችግራቸው ዕድሜያቸው ነው፤ ከአዲስ አበባ ራቅ ባሉ ከተሞች ላይ ዓመታት ያለፈበት ምስል የተለመደ ስለሆነ አዲሱ መንገድ ባለበት ቦታ የጤፍ ማሳ ብታዩ አትደነቁ። ለአዲስ ነገር የሚረዳው ሴንቲነል ሁለት የሚባለው ሳተላይት ነው፤ ምስሉ ነፃ ነው፣ በየጥቂት ቀኑም ይታደሳል። አንድ ነጥቡ መሬት ላይ 10 ሜትር ስለሆነ መንገዱ በየት በኩል እንደሚዞር ያሳያል እንጂ የአስፋልቱን መሀል አያሳይም። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን ከጥቅምት በኋላ የተነሱትን ፈልጉ፤ ደረቅ መሬት ላይ ጥቁሩ አስፋልት ጎልቶ ይታያል።

የቢንግም ሆነ የኤስሪ ምስል ከቦታው ተንሸራቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ገደላማ መሬት ላይ መንሸራተቱ ከሜዳው ይብሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የአሮጌውን መንገድ ቀረጻችሁን ከምስሉ ጋር አስተያዩ። ቀረጻው በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ጎን 8 ሜትር ቢርቅ የተንሸራተተው ምስሉ ነው፤ በማረሚያው የምስል ማስተካከያ ወደ ቀረጻው ጎትቱት። በዚህ ምክንያት ከተማውን በሙሉ አታንቀሳቅሱ። ቀድሞ የተሳሉ ሕንፃዎችና ሰፈሮች ከሌላ ምስል የተወሰዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከጉግል ካርታና ከጉግል ምስል ምንም አትቅዱ፤ የቦታ ስምም ቢሆን። ፈቃዱ አይፈቅድም፤ ተቀድቶ የተገኘ መረጃ ከነእርማቱ በሙሉ ይሰረዛል።

የመንገዱን የዲዛይን ንድፍ ከአሠሪው ወይም ከተቋራጩ ማግኘት ከቻላችሁ መጀመሪያ በክፍት ፈቃድ ለመጠቀም የጽሑፍ ስምምነት ጠይቁ። ቀጥሎ ንድፉ በየትኛው የመሬት ልኬት መሠረት እንደተሠራ ተመልከቱ። በኢትዮጵያ ብዙ የቆዩ ካርታዎችና የምህንድስና ንድፎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ ግን የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዩቲኤም በሚባለው የቦታ አጻጻፍ በዞን 37 ሰሜን ስለሚጻፉ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ ሳይቀየሩ ከገቡ ግን መንገዱ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ማሳ ውስጥ ይወድቃል። አንድ የታወቀ ድልድይ በንድፉ ላይና በቀረጻችሁ ላይ የት እንደሚውል ማወዳደር ወዲያውኑ ያጋልጠዋል። ንድፍ የታሰበውን ያሳያል፤ የተሠራው ከዚያ ሊለይ ስለሚችል ቀረጻውን አይተካም።

መስመሩን መሳልና መለያ መስጠት

ቀረጻውን ማረሚያው ላይ ጣሉና በሁለቱ አቅጣጫ ቀረጻዎች መሀል ሳሉ። ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ነጥብ አታብዙ፤ ኩርባ ላይ በየ15 እና 20 ሜትሩ አድርጉ። ያለ አካፋይ ሁለት አቅጣጫ የሚሄድበት መንገድ አንድ መስመር ነው። በመሀሉ ተሽከርካሪ የማያልፈው አካፋይ ያለው መንገድ ግን ሁለት መስመር ሆኖ እያንዳንዱ «ዋንዌይ=የስ» ይባላል፤ በኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ መስመሮቹ የተሳሉበት አቅጣጫ ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። በቀለም ብቻ የተከፈለውን ሁለት አድርጎ መሳል የተለመደ ስህተት ነው፤ ወደ ግራ መታጠፍ የሚቻልበትን ቦታ ሁሉ ይዘጋል።

ደረጃውን ስትሰጡ ከማለፊያው በፊትና በኋላ ያለውን ዋና መንገድ ተከተሉ። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መንገዶችን ከኤ እስከ ኢ ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመድባል፤ የመጀመሪያው ዋና ግንድ መንገድ ሲሆን በካርታው «ትራንክ» ነው። ትራንክ ሆኖ መጥቶ ከከተማው ወዲያ ትራንክ ሆኖ የሚቀጥለውን መንገድ የሚያገናኝ ማለፊያ እሱም ትራንክ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መለያዎች፦ «ሃይዌይ=ትራንክ»፣ «ሰርፌስ=አስፋልት»፣ «ሌንስ=2» (ወይም ያለው ቁጥር)፣ ምልክት ካለ «ማክስስፒድ»። የመጨረሻው አስፋልት ሳይለብስ ለትራፊክ የተለቀቀን መንገድ አስፋልት አትበሉት፤ ያለበትን ጽፋችሁ ሲለብስ ቀይሩት።

«ኮንስትራክሽን» የሚለውን የድሮ መለያ ማጥፋት እንዳይረሳ። «አክሰስ=ኖ» ተብሎ የቀረ ካለ እሱም ይጥፋ፤ በግንባታ ጊዜ በመስመሩ ላይ የተቀመጠ የማገጃ ነጥብም እንዲሁ። ሰባት ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ የተረሳ የማገጃ ነጥብ ይዘጋል፤ ካርታው ላይ ሲታይ ግን ምንም የጎደለው አይመስልም።

ስም የሌለውን መንገድ ስም አትስጡት። ሕዝቡ «ባይፓሱ» ማለቱ የመንገዱ ዓይነት ነው። ስያሜ ከተሰጠውና ታፔላ ከተተከለ በታፔላው ላይ እንደተጻፈው በ«ኔም» በአማርኛ ይግባ። የሆሄ ልዩነት ያላቸውን ስሞች በ«አልት ኔም» ጨምሩ፦ እንጅባራና እንጂባራ፣ ባሕር ዳርና ባህር ዳር። ፍለጋ ሳጥን ውስጥ ሰው የሚጽፈው በለመደው ሆሄ ነው። እንጅባራን ኮሶበር የሚል መንገደኛም አለ።

የተከፈተበትን ቀን በ«ስታርት ዴት» ስታስገቡ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዓመት ቀድሞ፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን ይሁን። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተ መንገድ 2025-01-09 ተብሎ ይገባል። 2017 ብላችሁ ከተዋችሁት ዳታቤዙ መንገዱን በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ ስህተቱን የሚያስጠነቅቅ ሶፍትዌርም የለም፤ 2017 ትክክለኛ ዓመት ነውና።

መገንጠያዎቹ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ።

ማለፊያው ከአሮጌው መንገድ የሚለይበት ቦታ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ነጥብ መጋራት አለባቸው። ዓይን ሲያያቸው የተነካኩ፣ ግን ግማሽ ሜትር የተራራቁ መስመሮች ለመንገድ ፈላጊው ያልተገናኙ ናቸው። እስከ መጨረሻው አጉሉና ነጥቡን ጎትታችሁ እዩት፤ ሁለቱም አብረው ካልተንቀሳቀሱ አልተያያዙም። ጄኦኤስኤም በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ከመጫኑ በፊት ማረጋገጫውን ቢያስኬድ እንዲህ ያለውን ያወጣለታል። አይዲም ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው።

መገንጠያው አደባባይ ከሆነ ክቡን ለብቻው ሳሉና «ጃንክሽን=ራውንድአባውት» በሉት። አቅጣጫው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። የሚገቡትና የሚወጡት መንገዶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ነጥብ ክቡን ይንኩ እንጂ በመሀል አያቋርጡት። አቅጣጫው ተገልብጦ የተሳለ አደባባይ ሹፌሩን በግራ እንዲዞር ያዘዋል።

በ«ዋይ» ቅርጽ ተለይቶ በመሀሉ ሦስት ማዕዘን ደሴት ያለው መገንጠያ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ «ትራንክ ሊንክ» ሆነው ባለ አንድ አቅጣጫ ይሳላሉ። ምልክት የተተከለለት የመታጠፍ ክልከላ ካለ እንደ ግንኙነት (ሪሌሽን፣ መስመሮችንና ነጥቦችን የሚያስተሳስር መዝገብ) ይመዝገብ፤ ከየት፣ በየትኛው ነጥብ፣ ወደየት የሚሉት ሦስቱም ይሟሉ። አሮጌውን መስመር መገንጠያው ላይ ስትቆርጡት ቀድሞ የነበሩ ክልከላዎችና የአውቶቡስ መስመሮች የቱን ቁራጭ እንደያዙ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ ከተሳሳተው ቁራጭ ጋር ይቀራሉ።

ከመሀል ያሉት ማቋረጫዎች ደግሞ የሚረሱ ናቸው። ማለፊያ መንገድ የሚሠራው በማሳና በግጦሽ መሀል ስለሆነ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማው የሚገቡ የጠጠር መንገዶችን፣ የጋሪ መንገዶችንና ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ወፍጮ የሚወስዱ የእግር መንገዶችን ይቆርጣል። በእያንዳንዱ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ አሁን በየት ያልፋል? አራት መልሶች አሉ።

በእኩል ደረጃ የሚያቋርጥ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች ነጥብ ይጋሩ፤ የእግረኛ ማቋረጫ ከተቀባ ነጥቡ ላይ «ሃይዌይ=ክሮሲንግ» ይግባ። በድልድይ ከላይ ወይም ከሥር የሚያልፍ ከሆነ ነጥብ አይጋሩ፤ ከላይ ያለው ቁራጭ «ብሪጅ=የስ» እና «ሌየር=1» ይሁን። ማለፊያው ከፍ ባለ የአፈር ሙሌት ላይ ሆኖ ተሽከርካሪ ማቋረጥ ካልቻለ፣ ነገር ግን ሰውና ከብት የሚወጡበት ካለ፣ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ከሙሌቱ ግርጌ ላይ ቁረጡና ቀሪውን በእግር መንገድ አያይዙት። ጨርሶ ከተዘጋም መስመሩን እዚያው አቁሙ። ያለዚህ ካርታው የአምቡላንስ ሹፌርን የሙሌት ግድግዳ ላይ ይወስደዋል፤ ወይም በተቃራኒው ክፍት የሆነውን አቋራጭ ደብቆ ብዙ ኪሎ ሜትር ያዞረዋል። ከዋናው መስመር ቅርጽ ጥቂት ሜትሮች ይልቅ ይህ እጅግ ይበልጣል።

ወንዝና ፈፋ ሲያቋርጥም እንዲሁ ነው። ድልድይ ባለበት የመንገዱ ቁራጭ ድልድይ ይባል። በቱቦ ወይም በሳጥን የኮንክሪት መተላለፊያ በሚያልፍበት ቦታ መንገዱ አይነካም፤ ወንዙ ተቆርጦ ያ አጭር ቁራጭ «ተነል=ከልቨርት»፣ «ሌየር=-1» ይሆናል። ወንዙንና መንገዱን በአንድ ነጥብ አስሮ መተው መንገዱ ወንዙን በውሃው ውስጥ የሚያቋርጥ ያስመስለዋል።

በግንባታው ወቅት የተከፈተ ተለዋጭ መንገድ ካርታው ላይ ካለ ሄዳችሁ እዩት። ታርሶ ከሆነ አጥፉት፤ የሰፈር መንገድ ሆኖ ከቀረ ደረጃውን ዝቅ አድርጉለት።

አሮጌው መንገድ ምን ይሁን?

ማለፊያው ስለተከፈተ ብቻ የከተማውን ዋና መንገድ ወደ ሰፈር መንገድ ማውረድ ትክክል አይደለም። መናኸሪያው፣ ማደያዎቹ፣ ሆስፒታሉና ገበያው አሁንም እዚያው ናቸው፤ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሱም ማለፊያውን ትቶ ከተማ ይገባል። የመንገዱ ቁጥርና ደረጃ በይፋ ወደ ማለፊያው መዛወሩን የሚያሳይ ምልክት ወይም የመንገድ ባለሥልጣኑ መግለጫ ሲኖር «ሬፍ» የሚለውን ቁጥር ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ አሮጌውን ከትራንክ በታች ወዳሉት ደረጃዎች፣ ወደ «ፕራይመሪ» ወይም «ሰከንደሪ» አውርዱ። ማስረጃው እስኪገኝ ደረጃው ባለበት ይቆይ። ቡሬን የመሰለ ከተማ ከሆነ፣ የነቀምቴው መንገድ ከዋናው የሚገናኘው ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ከማለፊያው ጋር? መልሱ የየትኛው ቁራጭ ደረጃ ከፍ ብሎ መቆየት እንዳለበት ይነግራችኋል።

የረጅሙ መንገድ ግንኙነት (ሪሌሽን) ካለ የከተማውን ቁራጭ አውጥታችሁ ማለፊያውን በቅደም ተከተሉ ቦታ አስገቡ፤ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መቀጠሉን አረጋግጡ። የአውቶቡስ መስመሮችን ግን አትንኩ።

ለከባድ መኪና ክልከላ ከተተከለ ምልክቱ የሚለውን በትክክል አስገቡ። ጨርሶ መግባት ክልክል ከሆነ «ኤችጂቪ=ኖ»፤ ጭነት ለማራገፍ የሚገባ ከተፈቀደለት «ኤችጂቪ=ዴስቲኔሽን»። ሰዓት ያለው ምልክት ሲሆን ሰዓቱ ይቀየር፤ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» የሚለው በዳታቤዙ 07:00-18:00 ነው። ምልክት ሳይኖር «ከባድ መኪና እዚህ ባይገባ ይሻላል» ብሎ ክልከላ መጻፍ ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ እህል ይዞ ወደ ከተማው መጋዘን የሚሄደውን አይሱዙም መንገድ ያሳጣዋል።

የከተማው መንገድ ላይ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች፣ የፍጥነት ምልክቶችና የእግረኛ ማቋረጫዎች በዚሁ አጋጣሚ መዝግቡ። ጥቅሙ ቀጥሎ ይታያል።

መሞከር

እርማቱን ስትጭኑ አጭርና ግልጽ መግለጫ ጻፉ፤ የትኛው ከተማ፣ ምን እንደተከፈተ፣ በምን ማስረጃ። አንድ ከተማ በአንድ ጭነት ይለቅ፤ የደጀንንና የዳንግላን እርማት አንድ ላይ አትጫኑ። ስህተት ቢገኝ አንዱን ለመመለስ ሁለቱም እንዳይፈርሱ ነው።

ሥዕሉ በድረ ገጹ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይታደሳል። መንገድ ፈላጊው ግን ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ሊዘገይ ይችላል፤ ወዲያው ሞክራችሁ አሮጌውን ቢያሳያችሁ ተጨማሪ እርማት አታድርጉ። ከዚያ ቢያንስ እነዚህን ጉዞዎች ጠይቁት፦ ከደጀን ባሕር ዳር በመኪና፤ ተመላሹን፤ ከአንድ ጎን መጥቶ ወደ መናኸሪያ፤ ከመናኸሪያ ወደ ሌላኛው ጎን፤ ከማለፊያው ወዲያ ካለ ቀበሌ ወደ ሆስፒታል፤ በእግር ከዚያው ቀበሌ ወደ ገበያ። ተመላሹ ብቻ ከተበላሸ አቅጣጫው የተገለበጠ መስመር ወይም አደባባይ አለ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከተበላሹ ያልተያያዘ ማቋረጫ አለ።

ሁሉም ተያይዞ እንኳ መንገድ ፈላጊው ከተማ መሀል ሊያስገባ ይችላል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ኦኤስአርኤም የሚባለው መንገድ ፈላጊ የፍጥነት ገደብ ላልተጻፈለት ትራንክ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር፣ ለፕራይመሪ 65 ያህል በራሱ ግምት ይወስዳል። በከተማው 5 ኪሎ ሜትር፣ በማለፊያው 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ሁለቱም ትራንክ ሲሆኑ ከተማው 3.5 ደቂቃ፣ ማለፊያው 4.9 ደቂቃ ይሆናል። አሮጌው ወደ ፕራይመሪ ቢወርድም 4.6 ደቂቃ ስለሚሆን አሁንም ከተማው ያሸንፋል። የከተማው የፍጥነት ምልክት 30 ከሆነና ያ ከተመዘገበ ግን ከተማው 10 ደቂቃ ይሆንና ማለፊያው ይመረጣል። ስለዚህ መፍትሔው በመሬት ላይ ያለውን ገደብ መመዝገብ ነው። መንገድ ፈላጊውን ለማስገደድ የከተማውን መንገድ ጠጠር ማለት ወይም ያልተተከለ ገደብ መፈልሰፍ ዛሬ የሠራ ቢመስልም ነገ ሌላውን ጉዞ ሁሉ ያበላሻል።

ምልክት በሌለበት ከተማ ጉብታዎቹን መዝግባችሁ ተዉት። ጉብታን የማይቆጥሩ መንገድ ፈላጊዎች ስላሉ ውጤቱ ወዲያው ላይስተካከል ይችላል፤ መረጃው ግን እውነተኛ ነው፣ የሚቆጥሩትም ይጠቀሙበታል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መተግበሪያዎች ካርታቸውን የሚያወጡት በየጊዜው ስለሆነ እርማቱ ስልክ ላይ ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል፤ ተጠቃሚውም የወረደውን ካርታ ራሱ ማደስ አለበት። በመናኸሪያው ላሉ ሹፌሮች ይህን መንገር ጠቃሚ ነው። ብዙዎች ካርታውን አንዴ አውርደው ዓመታት ይጠቀሙበታል።

ጉግል ካርታ የተለየ መረጃ ነው፤ እዚህ የተደረገ እርማት ወደዚያ አይሄድም። በጉግል ካርታ ውስጥ የጎደለ መንገድ ለማሳወቅ የሚያስችለውን አማራጭ ተጠቅማችሁ የራሳችሁን ቀረጻ መሠረት አድርጋችሁ መስመሩን መጠቆም ትችላላችሁ፤ መቀበል አለመቀበሉን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ በጥቅምት አካባቢ፣ መንገዱን እንደገና አንድ ጊዜ ንዱት። አዲስ የአፈር ሙሌት በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል፤ የመንገዱ ትከሻ ይሸረሸራል፤ የአካባቢው ሰውም በሙሌቱ ላይ የራሱን መሻገሪያ ያበጃል። ሲከፈት ያልነበሩ የፍጥነት ምልክቶችና ጉብታዎች ብዙ ጊዜ የሚተከሉት አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በመገንጠያዎቹ ዙሪያም ማደያና ጎሚስታ ቤት ይከፈታል። ያኔ የምታገኙትን ጨምራችሁ የፈተሻችሁበትን ቀን በ«ቼክ ዴት» ብታስገቡ፣ ቀጣዩ አራሚ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።